ፍቅሩ ተፈራ ለምን እንግሊዝ አልተጫወተም?

ጥቅምት 2 ቀን 2007 ዓ.ም. የሕንድ ሱፐር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታ በኮልካታ ከተማ ተካሄደ። የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ያስቆጠረው የአዲስ አበባው ልጅ ፍቅሩ ተፈራ ነው። ክለቡ አትሌቲኮ ዲ ኮልካታ ሙምባይ ሲቲን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ የዓመቱንም ዋንጫ ወሰደ። ፍቅሩ ከዚያ በፊት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነስቶ ለደቡብ አፍሪካው ኦርላንዶ ፓይሬትስና ሱፐርስፖርት ዩናይትድ፣ ለቼኩ ምላዳ ቦሌስላቭ ተጫውቷል፤ ቬትናምና ፊንላንድም ደርሷል።

ሦስት አህጉር ያዳረሰ አጥቂ እንግሊዝ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሊግ ውስጥ እንኳ እንዴት ቦታ አጣ? ወዳጆቼ ኳስ ሲያዩ ደጋግመው ይህን ይጠይቁኛል። መልሱ ከእግሩ ይልቅ የእኔን ሙያ፣ ሕግን፣ ይመለከታል።

እንግሊዝ ውስጥ በአራቱ ከፍተኛ እርከኖች ብቻ 92 ክለቦች አሉ። ከእነርሱ በታችም ለተጫዋቾቻቸው ደመወዝ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ መካከለኛ አጥቂ በየሁለት ዓመቱ ክለብ እየቀያየረ፣ ዋንጫ ሳይነካ፣ 15 ዓመት በኳስ ሊተዳደር ይችላል። አንዳንዱም ከታች ተነስቶ ይወጣል። ጄሚ ቫርዲ ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ በትንንሽ ክለቦች ይጫወት ነበር፤ ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፍሊትውድ ገዛው፣ በ2016 የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። መሰላሉ አለ፤ ለአገሬው ልጅ።

ለእኛ ልጅ ግን በሩ ላይ የሥራ ፈቃድ የሚባል ነገር ቆሟል። እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በነበረው ደንብ መሠረት ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ተጫዋች ባለፉት ሁለት ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑ ካደረጋቸው የነጥብ ጨዋታዎች በ75 በመቶው መሰለፍ ነበረበት። ብሔራዊ ቡድኑም በፊፋ ደረጃ በአማካይ ከ70ኛ በላይ መሆን አለበት። ኢትዮጵያ እዚያ ደርሳ አታውቅም። ሁለተኛው መስፈርት ፍርደ ገምድል ነው ባይ ነኝ፤ ግለሰቡን በቡድኑ ድክመት ይቀጣዋልና። ከ2021 ወዲህ ነገሩ ወደ ነጥብ ሥርዓት ተቀይሯል። ተጫዋቹ 15 ነጥብ ማግኘት አለበት፤ ነጥቡ የሚሰጠው ደግሞ በአብዛኛው ለአገሩ ደረጃና ለተጫወተበት ሊግ ጥራት ነው። በ2023 የተወሰነ ማሻሻያ ቢደረግም፣ በሦስተኛውና በአራተኛው እርከን ያለ ክለብ መስፈርቱን ያላሟሉ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ ነው መያዝ የሚችለው። በአጭሩ፣ የእንግሊዙ ሦስተኛ ሊግ አጥቂ ከፍቅሩ ጋር ተወዳድሮ አላሸነፈውም። ውድድሩ አልተካሄደም።

ይሁንና ሁሉንም በእንግሊዞች ላይ ማላከክ አይገባም። ሌላው ጉዳይ በእጃችን ያለ ነው።

በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ወደ ሌላ አገር ክለብ በክፍያ ሲዛወር፣ ከክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከዚህች ድርሻ ላይ ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 10 በመቶ ይታሰባል። አንድ ልጅ በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ፣ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ አራቱንም ዓመት ያሠለጠነው ክለብ 2 ሺህ ዶላር ያገኛል ማለት ነው። በእኛ ገንዘብ ለአንድ የወረዳ ቡድን ስንት ኳስና ስንት ማሊያ እንደሚገዛ አንባቢ ያስላው።

ገንዘቡን ለማግኘት ግን ክለቡ የተመዘገበ፣ ልጁም በስሙ የተመዘገበ መሆን አለበት። የተጫዋች ፓስፖርት የሚሉት ሰነድ ልጁ በየዓመቱ የት እንደነበረ ያሳያል። ከ2022 ወዲህ ፊፋ ክፍያውን በራሱ ተቋም በኩል ያስተላልፋል፤ ተቋሙ የሚያየው መዝገቡን እንጂ የመንደሩን ምስክርነት አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሕፃናት አቧራማ ሜዳ ላይ የአርሴናልና የማንቼስተር ማሊያ ለብሰው ይራወጣሉ፤ ማታ ታላላቆቻቸው ሻይ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ከበው ስለ ፕሪሚየር ሊግ ይከራከራሉ። ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ ነገ ጎንደር ፋሲል ከነማ ቢደርስ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ቢሸጥ፣ ስሙን በ12 ዓመቱ መዝገብ ላይ ያሰፈረ ቡድን ከሌለ ዋግ ኽምራ ከዝውውሩ ምንም አታገኝም። ነገሩ ቅዠት አይደለም፤ ሙጂብ ቃሲም ከፋሲል ወደ አልጄሪያ፣ አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደዋል።

መዝገብ ያለመያዝ ዋጋ በብሔራዊ ቡድን ደረጃም ታይቷል። በ2005 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች ቦትስዋና ላይ ተሰልፎ 3 ነጥብ ተቀንሶብናል። ምድቡን አልፈን በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ ብንወድቅም፣ ካርድ የሚቆጥር አንድ ሰው ማጣታችን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ለምዝገባው የሚያስፈልጋቸው የልደት ሰርተፍኬት፣ ፎቶግራፍና በየዓመቱ የሚታደስ ዝርዝር ነው። የእንግሊዝን የሥራ ፈቃድ ሕግ መለወጥ አንችልም፤ ይህን ዝርዝር ለመያዝ ግን የለንደንን ፈቃድ አንጠይቅም።