ከነጠላው ዋጋ የሚቀነሰው የማን ነው?

ባዛር ውስጥ የፈትል ነጠላ ዋጋ የጠየቀ ሰው፣ መልሱን ሲሰማ ነጠላውን አጥፎ ወደ ቦታው ይመልሳል። በዓል በደረሰ ቁጥር ቂርቆስ፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው ኤግዚቢሽን ማዕከል ይኸው ይደገማል፤ ካዛንቺስ ባሉት የሆቴል ስጦታ ሱቆችም እንዲሁ። ገዢዋ «ተወደደ» ትላለች፣ ሻጯ «የእጅ ሥራ እኮ ነው» ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ስለሆነ እኩል ነው። ማጉ ግን እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፤ ያ የፈታይዋ ጣት ነው። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ አመልማሎ ይሆናል፣ ከዚያ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሞላል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ያውም በቤት ሥራ መሃል፣ ሰዓቱን ማንም ሳይቆጥርላቸው። ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያነሣ ከሥራው ብዙው አልቋል። ጥለት ከተጨመረ ደግሞ ቀለሙ በእጅ እየተለቀመ ስለሚገባ አንድ ስንዝር ጥለት ብዙ ክንድ ነጭ ጨርቅ የሚሠራበትን ጊዜ ይበላል።

ክርክሩ ሲጀመር የማይነኩ ወጪዎች አሉ። የባዛሩ ቦታ ኪራይ ሰው ገዛም አልገዛም ተከፍሏል። የጥለቱ ባለቀለም ክር በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። እንግዲህ «ትንሽ ቀንሺልኝ» የሚለው ቃል የሚያርፈው በቀረው ነገር ላይ ነው። ነጋዴዋ በሚቀጥለው ትእዛዝ ለሸማኔው ትቀንሳለች፣ ሸማኔው ለፈታይዋ። ከፈታይዋ በታች ማንም የለም።

የእጅ ሥራ ዋጋ ያነሰው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የከለከሉት ሸማ ሠሪውም፣ ቀጥቃጩም ይናቁ ስለነበር ነው። ስድቡ ቀነሰ፤ ድካማቸውን እንደ ነፃ ነገር የማየት ልማድ ግን ቀርቷል ብዬ አላምንም። አሁን ደግሞ ጥለቱ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ከጎኑ ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል። ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ገልብጣችሁ ብታዩት የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ነው፤ በእጅ የተለቀመው ጥለት ግን ክሩ በጀርባውም ይዳሰሳል። ለመግዛት የቸገረውን ሰው አልወቅስም፤ የምቃወመው አንዱን በሌላው ስም መሸጥን፣ ከዚያም በርካሹ ዋጋ ውዱን መከራከርን ነው።

እኔ ብጠየቅ የባዛር አዘጋጆች በእያንዳንዱ የእጅ ሥራ ላይ ትንሽ ወረቀት እንዲንጠለጠል ያስገድዱ ነበር፦ ለክር ይህን ያህል፣ ለፈታይ ይህን ያህል፣ ለሸማኔ ይህን ያህል፣ ለቦታ ኪራይ ይህን ያህል። ገዢዋ ያን አንብባ ቀንሺልኝ ካለችም፣ ከየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ በጣቷ ታሳይ።