«የእሳት እራት» እና የመሰወሩ ቃል

በቦንጋ ዙሪያ ያለው የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ስለ ነፍሳቱ በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ተርጓሚ ግን ከመነሻው ችግር ይገጥመዋል። ቀን ቀን ከዛፍ ቅርፊት ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚውለውን፣ የቅርፊቱን መልክ የያዘውን በራሪ ምን ይበለው?

ብዙውን ጊዜ «ብል» ሲባል ይታያል። ብል ልብስ የሚበላው ነው (በእርግጥ የሚበላው ትሉ ነው)፤ በማቴዎስ ወንጌልም ከዝገት ጋር የተጠቀሰው ስለዚሁ ጥፋቱ ነው። ስሙን ለደኑ ፍጥረት መስጠት ባላጠፋው መቅጣት ይሆናል። «ቢራቢሮ»ም አይስማማም፤ የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ያበጠ ሲሆን የዚህኛው ባብዛኛው እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው። የሚቀረው «የእሳት እራት» ነው። የሌሊቱን ጠባይ ብቻ ቢናገርም ሕዝብ የሚያውቀው ነውና ለወገኑ ሁሉ መጠሪያ እንዲሆን እደግፋለሁ።

የሚከብደው የመሰወሩ ቃል ነው። «መደበቅ» ከአንድ ነገር ኋላ ወይም ሥር መግባትን ያመለክታል፤ ይህ ፍጥረት ግን በግልጽ ተቀምጦ ሳለ ነው የማይለየው። «እንደ እስስት» ማለትም ያሳስታል። እስስት መልኳን ትለውጣለች፤ የእሳት እራት ግን አንዴ ክንፍ ካወጣ ቀለሙን አይለውጥም፣ የሚመስለው ቅርፊት ላይ ዐርፎ ጸጥ ይላል እንጂ። በምሥራቅ አፍሪካ ቡናን የሚያጠቃው አስኮቲስ ሰለናሪያ ደግሞ ገና በትልነቱ ጭራሮ መስሎ ይቆማል። «ተመሳስሎ መሰወር» ቢባል ሁለቱንም ያቅፋል፤ ቃሉ ረዘም ማለቱ አይካድም፣ ከ«ካሞፍላጅ» ግን ለተማሪ ይቀርባል።