ክርን በዙሉ ምን ይባላል?

ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል ደቡብ አፍሪካ የገባ ወጣት እዚህ ሀዲያ ወይም ከምባታ ነበር። እዚያ ግን «ማክዌሬክዌሬ» በሚል አንድ የስድብ ቃል ይጠቀለላል፤ ቃሉ ባልገባ ንግግር ላይ የሚሾፍበት ድምፅ ነው፣ እንደ ግሪኮች «ባርባሮስ»።

በግንቦት 2000 ዓ.ም. በመጤዎች ላይ ጥቃት ሲነሣ፣ ሰዎች ክርን በዙሉ ምን እንደሚባል እየተጠየቁ ይለዩ ነበር። ከሞቱት 62 ሰዎች 21ዱ ግን የዚያው አገር ዜጎች ነበሩ፤ ፈተናው ቬንዳና ሻንጋን ተናጋሪዎችንም ይጥል ነበር።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሊስትሮን ዘዬ ሰምቼ፣ ሳልጠይቀው ሀዲያ አልሁት። የከምባታ ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ያው ነው» አለኝ፤ ብሩሹንም አላቆመም።