ከምላስ ሥር የቀረው ዕጢ

አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ምግብ ስትውጥ ጉሮሮዋን የሚይዛት ነገር እንዳለ ትናገራለች እንበል። ሐኪሙ አፏን ሲመረምር ከምላሷ ሥር፣ በመካከለኛው መስመር ላይ፣ ቀላ ያለ ክብ እብጠት ያገኛል። እብጠቱ ካንሰር ካልሆነ «ታዲያ ለምን ተቆርጦ አይወጣም?» የሚለው የወላጆች ጥያቄ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እብጠት ልጅቱ ያላት ብቸኛ የታይሮይድ ዕጢ ሊሆን ይችላል።

የታይሮይድ ዕጢ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው በአንገታችን ፊት ለፊት የሚገኝ አካል ነው። ይሁንና የተፈጠረው እዚያ አይደለም። ጽንሱ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ከምላስ ሥር ይጀምርና ቁልቁል ተጉዞ በሰባተኛው ሳምንት ገደማ አንገት ላይ ይደርሳል። ከ100,000 ሰዎች በአንዱ ገደማ ግን ጉዞው ሳይጀመር ይቀራል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህም መካከል አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ሌላ ታይሮይድ የላቸውም። ከቦታው የቀረው ዕጢ በቂ ሆርሞን ማመንጨት ሲያቅተው አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ «ጨምር» የሚል ኬሚካላዊ ትእዛዝ ደጋግማ ትልካለች። በዚህም ምክንያት ዕጢው ያብጣል፤ በተለይም በጉርምስና ወቅት።

የፊዚክስ መምህር ስለ ምላስ ምን አገባው? የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱ በቴክኒሺየም ላይ ነው። ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1937 በፔሪየርና በሴግሬ የተገኘ ሲሆን ስሙም በግሪክኛ «ሰው ሠራሽ» ማለት ነው። ቴክኒሺየም-99ኤም ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው አዮን በመጠንም በኤሌክትሪክ ሙሉም አዮዳይድን ይመስላል። አዮዲን ፈላጊው ታይሮይድም ተታልሎ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከዚያ 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸው የጋማ ጨረሮች ከሰውነት ይወጣሉ፤ የጋማ ካሜራውም ተቀብሎ ምስል ይሠራል። ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ስለሆነ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚቀረው ከአሥራ ስድስት አንድ እጁ ብቻ ነው። ተማሪዎች አስልታችሁ አረጋግጡ።

በምስሉ ላይ የምላሱ ሥር ደምቆ አንገቱ ባዶ ከሆነ ፍርዱ ግልጽ ነው። የአንገት አልትራሳውንድም ያለ ምንም ጨረር በአንገት ላይ ዕጢ መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ይህ ሳይጣራ እብጠቱ ቢቆረጥ ልጅቱ ብቸኛ የታይሮይድ ሆርሞን ምንጯን ታጣለች፤ ካልታከመችም እድገቷ ይገታል። በአንጻሩ የታይሮይድ ሆርሞን እንክብል ሲሰጣት የፒቱታሪ ትእዛዝ ይቀንሳል፤ እብጠቱም ብዙ ጊዜ ቀስ በቀስ ይኮማተራል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ትንፋሽ ሲዘጋ፣ መዋጥ ሲከለክል ወይም ሲደማ ነው፤ ያን ጊዜም ልጅቱ ሆርሞኑን ዕድሜ ልኳን መውሰድ ይኖርባታል።

እንግዲህ ከቦታው ውጪ የተገኘ ነገር ሁሉ ትርፍ አይደለም። ከመቁረጥ በፊት መለካት ይቅደም።