የገጠር ነርስ ብቻዋን አትመደብ

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለሽርሽር የምትሄዱ ወዳጆቼ፣ እዚያ እንክብካቤ የሚደረግላቸው አገር በቀል ዕፅዋት ለገጠር ነርስ የሥራዋ አካል ናቸው። ብዙ ታካሚ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ቤት ውስጥ በእነሱ ሲታከም ከርሞ ነውና። ኮሶ ለትል ይጠጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የዓይን ነርቭን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ነርሷ «እማማ፣ ከመምጣትዎ በፊት ምን ጠጡ?» ብላ በትሕትና መጠየቅ አለባት። ከተቆጣች ይደብቋታል።

በእርጋታ መጠየቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ነው። ሌሊት ተረኛዋ ነርስ አዋላጅም፣ መድኃኒት ሰጪም፣ ሪፈር ጻፊም የምትሆንበት ጊዜ አለ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ቁስል ትሰፋለች። ክረምት ላይ አምቡላንስ ቢጠራም መንገዱ አያስገባውም። የምትከራየው ደህና ቤት አታገኝም፤ የተረኝነት ክፍያዋም ይዘገያል። (ከልጆቿ ተለይታ መኖሯን ሳንቆጥር።)

ለዚህ ብቸኝነት ከድሮ የምንማረው አለ፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ አብረው ሠልጥነው በቡድን ገጠር ይወጡ ነበር። በእኔ እምነት የዚያ አሠራር ትልቁ ቁም ነገር ባለሙያን ብቻውን አለመላኩ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ያነሱት የደመወዝና የአበል ጥያቄም የገጠሯ ነርስ ጥያቄ ነው።

የወረዳ ኃላፊዎች፣ የተረኝነት ክፍያዋን በወቅቱ ክፈሉ፤ ለሌሊት ተራ ሁለተኛ ባለሙያ መድቡላት። ታካሚዎችም የወሰዳችሁትን የባህል መድኃኒት በስሙ ንገሯት።