ሜዳው ከግቢው ሲርቅ

ቱሌን ዩኒቨርሲቲ በ1998 የውድድር ዘመን 12 ጨዋታ አድርጎ 12ቱንም አሸነፈ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የቱሌን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን የራሱ ስታዲየም አልነበረውም። መሀል ኒው ኦርሊንስ ባለው፣ ከ70 ሺህ ሰው በላይ በሚይዘው ባለጣሪያ ሱፐርዶም እንደ ተከራይ እየገባ ይጫወት ነበር። ቤቱ የፕሮፌሽናሎቹ የሴይንትስ ነው። ቱሌን ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩ ባዶውን ይውል ነበር፤ ተማሪው ከግቢ ወጥቶ እስከዚያ መሄዱን አይወደውም ነበር።

በ2014 ቡድኑ ወደ ግቢው ተመለሰ። በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሠራው ዩልማን ስታዲየም 30 ሺህ ሰው ይይዛል፤ ተማሪው ከመኝታ ክፍሉ በእግሩ ይደርሳል። ሁሉም ሰው ድል የሚከተል መስሎት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ ሁለተኛውም ዓመት ያው 3 እና 9።

በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ የስታዲየም ርቀት ክርክር የቆየ ነው። ስታዲየሙ ከግቢ የራቀበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ፣ ቡድኑ በወደቀ ቁጥር ጣቱን የሚቀስረው ርቀቱ ላይ ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ቦታው ቡድን አያሸንፍም፤ ስትሸነፍ ከጎንህ የሚቀረው ማን እንደሆነ ግን ይወስናል።

ማያሚን እንይ። የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ኮራል ጌብልስ ውስጥ ሲሆን ቡድኑ እስከ 2007 ድረስ የተጫወተው ሊትል ሃቫና በሚባለው ሰፈር በነበረው ኦሬንጅ ቦውል ነው። ከግቢ ውጪ፣ ያረጀ፣ ብረቱ የዛገ ስታዲየም። በዚያ ስታዲየም ከ1985 እስከ 1994 በተከታታይ 58 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ከዚህ የረዘመ በሜዳ የማሸነፍ ጉዞ የለም። አምስቱን የሀገር ሻምፒዮንነትም ያገኙት የዚያ ስታዲየም ቡድን ሆነው ነው፤ በ1983፣ በ1987፣ በ1989፣ በ1991 እና በ2001። ምስጢሩ አሰልጣኝ ሃዋርድ ሽኔለንበርገር ከዋንጫዎቹ በፊት የጀመሩት ምልመላ ነበር። በደቡብ ፍሎሪዳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያድጉትን ፈጣን ልጆች ሌላ ክፍለ ሀገር ሳይወስዳቸው እዚያው አስቀሯቸው።

በ2008 ቡድኑ ይበልጥ ወደራቀው፣ ማያሚ ጋርደንስ ወደሚገኘው የፕሮፌሽናሎቹ የዶልፊንስ ስታዲየም ሲዛወር ብዙ ደጋፊ “ያኔ ነው የወደቅነው” አለ። ውድቀቱ ግን ቀድሞ ነበር። በኦሬንጅ ቦውል የመጨረሻው የውድድር ዘመን 5 አሸንፈው 7 ተሸንፈዋል፤ በመሰናበቻው ጨዋታም ቨርጂኒያ 48 ለ 0 ቀጥቷቸዋል።

የሚኒሶታው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርበት ግዛት ስለሆነ ነገሩን በቅርብ የሚያውቀው አንባቢም አይጠፋም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1924 ግቢው ውስጥ በተሠራው ሜሞሪያል ስታዲየም ስድስት የሀገር ሻምፒዮንነት አከማችቷል፤ የመጨረሻው በ1960። በ1982 ግን ከፕሮፌሽናሎቹ ቫይኪንግስ ጋር ተዳብሎ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሜትሮዶም ገባ። ደማቁ የመኸር ቅዳሜ በጣሪያ ተከደነ። ተማሪው ከጨዋታው በፊት የሚሰባሰብበት፣ አሮጌው ተመራቂ ከልጁ ጋር ግቢውን እየዞረ ትዝታውን የሚያወራበት ቀን ጠፋ። የድሮ ደጋፊዎች ዛሬም በቁጭት ያነሱታል፤ ቁጭታቸውም ልክ ነው።

ዋንጫ ያሳጣን ጣሪያው ነው ሲሉ ግን አልስማማም። ሚኒሶታ የቢግ ቴን ኮንፈረንስ ሻምፒዮንነትን ለመጨረሻ ጊዜ፣ ያውም ከሌሎች ጋር ተጋርቶ፣ ያገኘው በ1967 ነው፤ ሜትሮዶም ከመግባቱ 15 ዓመት ቀድሞ። በዚያው በሚወቀሰው ሜትሮዶም ደግሞ በ2003 10 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸንፏል። በ2009 ወደ ግቢው ተመልሶ ከ50 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዲስ ክፍት ስታዲየም ከፈተ፤ በመክፈቻውም ኤር ፎርስን 20 ለ 13 ረታ። በቀጣዩ ዓመት ግን 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ አሰልጣኙም ተባረረ። ነገሩ የተስተካከለው ቀስ በቀስ፣ በአሰልጣኞቹ በጄሪ ኪል፣ ኋላም በፒ.ጄ. ፍሌክ እጅ ነው። በኖቬምበር 2019 ሚኒሶታ አራተኛ ደረጃ ላይ የነበረውን ፔን ስቴትን 31 ለ 26 ሲያሸንፍ ተማሪው አጥሩን ጥሶ ሜዳውን ሞላው። ያን ድል ያመጣው ስታዲየሙ አይደለም። እንደዚያ እንዲደምቅ ያደረገው ግን እሱ ነው።

ድምቀቱ በጨዋታው ላይ የራሱ ሥራ አለው። ኳስ የያዘው ቡድን እንቅስቃሴውን የሚጀምረው ማጥቃቱን በሚመራው ተጫዋች፣ በኳርተርባኩ ጥሪ ነው፤ ከፊቱ የተደረደሩት አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ያን ድምፅ ሰምተው እኩል መነሳት አለባቸው። 50 ሺህ ሰው ሲጮህ ድምፁ አይሰማም። አንዱ ቀድሞ ከተነቃነቀ ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ ቡድኑ 5 ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከ2024 ጀምሮ አሰልጣኙ በኳርተርባኩ ራስ ቁር ውስጥ በገባ ሬዲዮ እንዲያናግረው ተፈቅዷል፤ መስመሩ ግን ለማስጀመሪያ የተሰጠው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው አሁንም የጉሮሮና የጆሮ ጉዳይ ነው። እንዲህ የሚጮኸው በአብዛኛው ተማሪው ነው፤ ተማሪው ደግሞ የሚመጣው ሜዳው ሲቀርበው ነው።

የቦታ ነገር ከተነሳ ከፍታውም አለ። ላራሚ የሚገኘው የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ የሚለው በጥቂቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከፍታውን 7,220 ጫማ ብሎ በኩራት ያሳያል፤ እንግዳ ቡድን ትንፋሽ እንዲያጥረው። ሆኖም ዋዮሚንግ የሀገር ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም። ቀጭኑ አየር ተጫዋች አይመለምልም።

ወደ ሎስ አንጀለስ እንምጣ። የዩሲኤልኤ ግቢ ዌስትዉድ ነው፤ ሜዳው ፓሳዴና ያለው ሮዝ ቦውል፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ተነስቶ በዚያ ከተማ ትራፊክ የነዳ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ተማሪዎቹ በአውቶቡስ ይጓጓዛሉ። ቢሆንም ቡድኑ ወደ ሮዝ ቦውል በገባበት በ1982 የመጀመሪያ ዓመቱን እዚያው የሚካሄደውን የሮዝ ቦውል ጨዋታ አሸንፎ ደመደመ። ከ1991 እስከ 1998 ደግሞ የከተማውን ተቀናቃኝ ዩኤስሲን ስምንት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። የዩኤስሲ ሜዳ ኮሊሲየም ከግቢው መንገድ ማዶ ነው! ከዚያ በ2001 ፒት ካሮል የሚባል አሰልጣኝ መጣና በዚያው ኮሊሲየም ዩኤስሲን የሀገሪቱ ቁንጮ አደረገው።

አሁን ዩሲኤልኤ ከሮዝ ቦውል ወጥቶ ለግቢው ወደሚቀርበው ኢንግልዉድ፣ ወደ ሶፋይ ስታዲየም የመዛወር ሐሳብ አለው። የፓሳዴና ከተማ በ2025 ይህን ለማስቆም ፍርድ ቤት ሄዳለች፤ ውሉ እስከ 2044 ነው ትላለች።

ቱሌንም ቢሆን መልሱን ሰጥቷል። በ2021 አይዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ቡድኑን ለሳምንታት ወደ በርሚንግሃም አሰደደው፤ ዓመቱን 2 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ጨረሰ። በማግስቱ ዓመት፣ በዚያው ስታዲየም፣ በዚያው አሰልጣኝ በዊሊ ፍሪትዝ እጅ 12 አሸነፈ፤ በኮተን ቦውል ዩኤስሲን 46 ለ 45 ረታ። አሰልጣኙ በ2016 ሲመጣ የጀመረውን የቡድን ግንባታ ዩኒቨርሲቲው በዚያ በከፋ ዓመት እንኳ አላቋረጠም።

ስለዚህ የዩሲኤልኤ ኃላፊዎች ከሶፋይ ዋንጫ መጠበቅ የለባቸውም፤ እዚያም ቢሆን ሁለት ፕሮፌሽናል ቡድኖች በሚጫወቱበት ቤት ተከራይ ነው የሚሆኑት። መዛወሩ የተማሪውን መንገድ ያሳጥራል፤ ለዚህ ብቻ ከሆነ ደግፋለሁ። ለጠበቃ የሚወጣው ገንዘብ ግን ለምልመላና ለተማሪው ነፃ ትኬት ቢውል ይሻላል።