ማን ማንን ይበላል? ስለ ዓሦች የምግብ ሰንሰለት
ለጫግኒ አካባቢ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት

፩. መግቢያ
በባሕር ጠረፍ ጠፍጣፋው ሬይ በአሸዋ ውስጥ ያሉትን ዛጎል ለበስ እንስሳት ይመገባል፤ ሻርክ ደግሞ ዓሦችንም ሬይንም ይበላል። በአካባቢያችን ባሕር ባይኖርም በአርዲና በዱራ ወንዞች፣ እንዲሁም በጣና ሐይቅ ይኸው ሥርዓት ይሠራል።

፪. የጣና ምሳሌ
ቀረሶ በአብዛኛው አልጌና የውኃ ዕፅዋት ይመገባል። አምባዛ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ነጭ ዓሣ የሚባሉት ከ15 የማያንሱ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ 8ቱ ሌላ ዓሣ አዳኞች ናቸው። እነዚህ አዳኞች እንደ ሻርክ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ያለው በጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ቦጭቀው መብላት ስለማይችሉ ትንሽ ዓሣ እንዳለ ይውጣሉ። ትናንሾቹ በጥቃቅን መረብ ተጠርገው ቢያልቁ ትልልቆቹ የሚበሉትን ያጣሉ ማለት ነው።

፫. የደረሰ ጉዳት
በጣና በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ ማስገር የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ነጭ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ሲወጡ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ ተያዙ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ ብዛታቸው ወደ ሩብ ያህል ዝቅ አለ፤ የጫጩቶቹ ጉዳት ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። እናት ዓሣ ከመውለዷ በፊት ከተያዘች ተተኪ አይኖርም።

፬. ብርብራ
የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መበተን ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ፣ ለዓሣ ምግብ የሚሆኑትንም የውኃ ነፍሳት ይገድላል። በበጋ ዓሦች በኩሬ በኩሬ ስለሚሰበሰቡ፣ አንድ ኩሬ መመረዝ ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ማጥፋት ነው።

፭. ምን ይደረግ?
ሀ) ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በወንዝ አፍ ላይ መረብ አለመዘርጋት።
ለ) ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብና በአጎበር አለማስገር።
ሐ) ብርብራን ፈጽሞ አለመጠቀም፤ ማኅበሩም በመተዳደሪያ ደንቡ ይህን ማስፈር።
መ) ዓሣ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን ከፍቶ የበላውን ማየትና በመዝገብ መጻፍ። ዓሣ የሚበላው ዓይነት ከዓመት ዓመት ሆዱ ባዶ ሆኖ ቢገኝ የትናንሾቹ ቁጥር መቀነሱን ሊያመለክት ስለሚችል፣ የልማት ሠራተኛው ለበላይ መሥሪያ ቤት ያስታውቅ።

ዘሩን የበላ ገበሬ ለከርሞ የሚዘራው የለውም፤ ዓሣ አስጋሪም እንዲሁ ነው።